ቡፌው ውስጥ ያስቀመጥኳት ብልቃጥ

እናቴን የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቡፌውን እንዳትነካው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ኋላ፣ አውራ ጣት የምታክል ብልቃጥ አስቀምጬ ነበር። ውስጧ ቀለም የሌላቸው ሁለት ፈሳሾች አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። ለሚያያት ሰው ውሃ ናት። ለእኔ ግን ስንት ዓመት የለፋሁበት የዶክትሬት ትምህርቴ ተጠቃሎ እዚያች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ መለዋወጫም አልነበረኝም።

እንግዳ ሲመጣ በምን ላጠጣ ብላ ጠየቀችኝ። በፕላስቲክ ኩባያ አልኳት። እናቴ ቤት እንግዳ በፕላስቲክ ኩባያ ጠጥቶ አያውቅም፤ ፊቷን ሳይ እንደ ስድብ እንደቆጠረችው ገባኝ። ቢሆንም እሺ አለች፤ እኔም አመንኳት።

ሥራዬን ለእሷ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ የተሳካልኝ ሾላ ገበያ ነው። ዶሮ ልንገዛ ሄደን፣ ነጋዴው ዶሮዎቹን ያጎረበትን የእንጨት ፍርግርግ እያሳየኋት፣ እኔ የምሠራው ይህንን ነው አልኳት፤ ዶሮውን ሳይሆን ቤቱን፣ በዓይን በማይታይ መጠን። ልዩነቱ አናጢ የሌለው መሆኑ ነው። ማዕዘን የሚሆነውን ሞለኪውልና ዘንግ የሚሆነውን ሞለኪውል አንድ ፈሳሽ ውስጥ ትጨምሪያለሽ፣ ታሞቂያቸዋለሽ፤ ራሳቸው ተፈላልገው ይያያዛሉ። ሲሳሳቱ ይላቀቃሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ። ትክክለኛውን ቅርጽ ሲያገኙ ይረጋሉ፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ፍርግርግ ቤት ይሆናሉ። እናቴ የዶሮውን ክንፍ እንደያዘች ትንሽ አሰበችና ያለ ሠሪ የተሠራ ነገር የለም አለችኝ። ፍርግርጉን በእጁ የሠራው ነጋዴም በጣም ተስማማ።

ቤቱ ምን ይይዛል ብላ ስትጠይቀኝ ግን እውነቱን ነገርኳት። አንድ ቀን ከመጠጥ ውሃ ውስጥ መጥፎውን ነገር ለይቶ የሚይዝ እንዲወጣው ነው የምንለፋው። የእናቴ ጥርሶች ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በልጅነቷ በጠጣችው የጉድጓድ ውሃ በልዘዋል፤ እስካሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትከልላለች። የእኔው ፍርግርግ ለጊዜው ውሃ ሲነካው የሚፈርስ ዓይነት ነው፣ መንገዱ ገና ሩቅ ነው ብዬ ለማብረድ ብሞክርም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥናቴ የጸሎት ርዕሷ ሆነ።

ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሠራሁ ብል በአፍ ማንም አያምነኝም። ሞለኪውሎቹ ቤት በመሥራት ፈንታ እንደተወሳሰበ ክር ዝም ብለው ተያይዘው ሊሆን ይችላል። ክርክሩን የሚዘጋው ክሪስታል ነው። ፍርግርጎቹ በሥርዓት ተደርድረው አንዲት ጥርት ያለች ቅንጣት ከሠሩ፣ ቅርጻቸው በኤክስሬይ ማሽን ይነበባል። የጥናት ኮሚቴው ትዕግሥት ደግሞ አልቆ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ውጤት ካላቀረብኩ ርዕሱ እንደሚዘጋ አማካሪዬ ዓይኔን ሳያይ ነገረኝ። ርዕሱ ተዘጋ ማለት እኔ ተሰናበትኩ ማለት ነው። የማዕዘኑ ሞለኪውል ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አልቆብኛል፤ ሌላ አዝዤ ጉምሩክ እስኪለቀው ወራት ይፈጃል።

ክሪስታል ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። ፍርግርጎቹ የሟሙበትን ከባድ ፈሳሽ ከታች አድርጎ፣ የማይሟሙበትን ቀላል ፈሳሽ በመርፌ ጠብ እያደረጉ ከላይ ማስተኛት ነው። ሁለቱ ቀስ እያሉ፣ በቀናት ሲደባለቁ ቅንጣቷ ታድጋለች። ከተነቃነቁ ግን ባንዴ ይደባለቁና ሁሉም ነገር ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል። ከላብራቶሪያችን አጥር ሥር አዲስ ሕንፃ ሊሠራ እየተቆፈረ ስለነበር፣ ድንጋይ ሰባሪው ማሽን ሲነሳ ጠረጴዛ ላይ ያለ እስክሪብቶ ይራመዳል። ደጋግሜ ሞክሬ ደጋግሜ ዱቄት አገኘሁ። በመጨረሻ ሁለቱን ፈሳሾች ለየብቻ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። አማካሪዬ ኬሚካል ከላብ አይወጣም ማለት ሲገባው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኩሽና ጠረጴዛችን ላይ፣ እናቴ ትንፋሿን ይዛ እያየችኝ፣ አስተኛኋቸው።

ገደቡም ቅርብ ነበር። እንዲህ ያለውን የኤክስሬይ ማሽን የሚያሠራ፣ ውጭ አገር የሚኖር የአማካሪዬ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ መጥቶ እዚሁ ከተማችን ሩዋንዳ ሰፈር አንድ ገስት ሐውስ አርፎ ነበር። እሁድ ማታ ይበራል። ከዚያ በፊት የምትረባ ቅንጣት ካገኘሁ፣ በወፍራም ዘይት ጠብታ ከድኖ ሊወስድልኝ ቃል ገብቷል። ካላገኘሁ ባዶ እጁን ይሄዳል።

ብልቃጧ ቡፌ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው ቤታችን እንዴት እንደሚናወጥ ያወቅኩት። በር ሲዘጋ ብርጭቆዎቹ ይንሿሿሉ። ከላያችን ያሉት ጎረቤታችን፣ የወሎ ሴት ናቸው፣ በሙቀጫ ይወቅጣሉ። ለዓመታት ልብ ብዬው የማላውቀው ድምፅ በእያንዳንዱ ምት ጥርሴን ያስነክሰኝ ጀመር። ወጥቼ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ታች የጋራው ቤት ወርጄ እወቅጣለሁ አሉኝ። እሳቸው ሙቀጫቸውን ተሸክመው ሲወርዱ ያየ ሁሉ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ምን እንደተደበቀ ያወራ ጀመር። እናቴ ዳቦ ቤት ሄዳ ስትመለስ ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚፈላ ተጠይቃ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በስልኬ መብራት ብልቃጧን ሳያት፣ ከግድግዳዋ ታች የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ከአሸዋ ያነሰች ናት፣ ግን ጠርዝ አላት። ደስታ መሆን ሲገባው ፍርሃት ለቀቀብኝ። የሌለኝን ማጣት አያስፈራኝም ነበር፤ አሁን ግን ነበረኝ።

ሐሙስ የሴቶች ጸሎት ነው፤ ቤት ለቤት በተራ ይዞራል፤ ያን ሳምንት ተራው የእናቴ ነበር። የእናቴ የጸሎት ጓደኞች ሲጸልዩ ተነሥተው፣ እያጨበጨቡ፣ እየዘለሉ ነው። ወለሉ እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ለሌላ ሰው እንድታዛውረው ጠየቅኳት። ቤቴን ለጸሎት ዘጋሁ ልበላቸው ወይ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተጨቃጨቅን፣ ከዚያም ተስማማን፤ ተቀምጠው፣ በሹክሹክታ፣ ማንም ሳይነሣ ይጸልያሉ። ብርጭቆም አይወጣም። ሁሉንም አንድ በአንድ አስደገምኳት፤ እሷም እንደ ሕፃን ልጅ ደገመችልኝ።

ሐሙስ ዕለት ከላብ ስመለስ ታክሲው መንገድ ላይ ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ። ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ሁሉ አሰብኩ። ደረጃችን ሥር ስደርስ ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ። ምንም የለም። ጭብጨባ የለም፣ መዝለል የለም። ቃሏን ጠበቀች ብዬ ልቤ ተመለሰ፤ ደረጃውን በቀስታ ወጣሁት።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያ ያየሁት ጸጥታቸውን ነው። ቀጥሎ ያየሁት የአንዷን ሴት መዳፍ ነው። ብልቃጤ እዚያ ውስጥ ናት። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው አቅፈዋት፣ ሰው ከልቡ ሲጸልይ እጁ እንደሚንቀጠቀጠው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሲጨርሱ አጠገባቸው ላለችው አቀበሏት። እሷም ተቀብላ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

ለማያውቀን ሰው ይህ እብደት ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ግን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ፓስፖርቱ ላይ እጅ ይጫንለታል፤ ተፈታኝ የመፈተኛ ካርዱን ያመጣል፤ ሱቅ የሚከፍት ቁልፉን ያስይዛል። ነፍስህ የተንጠለጠለችበትን ነገር ቁም ሣጥን ውስጥ ትተህ በሩቁ አትጸልይለትም። እናቴ ያስደገምኳትን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጽማለች። የተነሣ የለም፣ የጮኸ የለም፣ ብርጭቆ አልወጣም። በእጅ መያዝ መነቅነቅ መሆኑን አልነገርኳትም፤ ይህን መንገር ያስፈልጋል ብዬም አላሰብኩም።

ከሴቶቹ አንዷ ዓይናቸውን ገለጡና ብልቃጧን አዩ። ጥርት ያለው ፈሳሽ ውስጥ ነጭ ነገር እየወረደ ነው፤ ቀስ እያለ፣ እየበዛ። "ወረደ" አሉ። ሁሉም ዓይናቸውን ገለጡ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላዋ ቃሏን ረስታ አጨበጨበች። እናቴ በር ላይ መቆሜን አየችና እጇን ዘረጋችልኝ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ አፏን እንኳ በእጇ አልከለለችም።

ከዚያ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነው። ገደላችሁት አልኩ። ብልቃጧን ነጥቄ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት፤ ዱቄት ነው፤ ያቺ ጠርዝ ያላት ቅንጣት ዱቄቱ ውስጥ ጠፍታለች። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው እያልኩ፣ በዕድሜ እናቶቼ በሚሆኑ ሴቶች ላይ ጮኽኩ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞርኩ።

"ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ እንዳትጸልዪ" አልኳት።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ ጫማቸውን በእጃቸው እየያዙ፣ አንድ በአንድ ወጡ። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ለቅሶዋን ብጠብቅም አላለቀሰችም። መልስ አይደለም እንዴ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ቆሻሻ ነው አልኳት።

ራት አልበላንም። ሳህን የሌለበትን ገንዳ ስታጥብ ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ አይጠገንም ወይ አለችኝ። በንዴት መለስኩላት። ይጠገናል፤ ዋናው ነገሩ እሱ ነው፤ እንዲላቀቅ ሆኖ ነው የሚያያዘው። በአንድ ጠብታ አሲድ ብታሞቂው ስህተቱን ሁሉ ይለቅና እንደገና ይጀምራል። አንዴ ተጣብቆ የማይለቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ፍርግርግ አይሠራም፤ የተበላሸው እንደተበላሸ ይቀር ነበር። የሌለኝ ጊዜ ነው አልኳት። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም።

አርብ ዱቄቱን ይዤ ላብ ገባሁ። አሟሟሁት፣ አሲዷን ጠብ አደረግኩ፣ ማሞቂያው ላይ አስቀመጥኩ፤ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ከተበላሸ ቆይቷል። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀዘቀዘብኝ የተላቀቀው ሁሉ እንዳገኘ ይያያዛል። ወደ ሻይ ቤቱ ሮጥኩ፤ ባለቤቷን ለምኜ ፔርሙዝ ሙሉ የፈላ ውሃ ይዤ መጣሁ። ውሃውን በሳህን እየቀያየርኩ፣ ብልቃጧን ከነክዳኗ እያስቀመጥኩ፣ መብራት እስኪመጣ እጄ ተላጠ። ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ጠራ። ከዱቄቱ አንዲት ቅንጣት ሳላሟሟ ለዘር አስቀረሁ፤ ክሪስታል የሚጀምርበት ካገኘ ይፈጥናል። ማታ ኩሽና ጠረጴዛችን ላይ እንደገና አስተኛኋቸው። እናቴ በዚህ ጊዜ አላየችኝም፤ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች።

ቅዳሜ ብልቃጧን አላየኋትም፤ ማየት ራሱ የሚያናውጣት መሰለኝ። እናቴ በርጩማ ይዛ ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጆች እየሮጡ ሲወጡ ታስቆማቸዋለች፤ ጋዝ ተሸክሞ የሚወጣውን ቀስ በል ትለዋለች። ከላይ ያሉት ጎረቤታችንም አጠገቧ መጥተው ጎመን ይቀነጥሱ ጀመር። ሁለቱ ያወሩትን አልሰማሁም፤ ድምፃቸውን ቀንሰው ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። እናቴ ታማ እንኳ እሁድ አትቀርም። ያን ጠዋት በርጩማዋን ይዛ ስትወጣ ሳይ አንጀቴን በላችው፤ ግን ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም፤ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። ረፋዱ ላይ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ብሎካችን በር ላይ ቆመ። አምስተኛ ፎቅ የሚገባ አዲስ ተከራይ ነው፤ የሰፈሩ አውራጆች ፍሪጅ፣ ቁም ሣጥን፣ ሶፋ ሊያወጡ ተሰልፈዋል። ከውስጥ ሆኜ ጫጫታቸውን ስሰማ ግንባሬን ቡፌው ላይ አስደገፍኩ። መጀመሪያ የወጣው ፍሪጅ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ሲመታ የብርጭቆዎቹ ድምፅ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

እናቴ ተነሥታ ደረጃው መሃል ቆመች። ምን እንደምትል ለመስማት በሩን ከፈት አደረግኩ። ከእናቴ ውሸት አይወጣም፤ አራስ አለች፣ በሽተኛ ተኝቷል ብላ አትገላገልም።

"የልጄ ሕይወት ያለችው እዚህ ቤት፣ ብርጭቆ ውስጥ ነው" አለቻቸው። "ሐሙስ ዕለት እኔ ነቅንቄ ጣልኩት። እናንተ አትድገሙት።"

አውራጆቹ ተያዩ። ጤንነቷን ተጠራጥረው ይሆናል። ከመካከላቸው ትልቁ ግን በሉ እንደ እንቁላል አውጡት አለና ፍሪጁን ራሱ ከሥር ያዘ። ፍሪጁና ሶፋው በራችንን አልፈው ሲወጡ የሰማሁት የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቡፌውን ከፈትኩ። በስልኬ መብራት ሳይ መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ብልቃጧን ሳላነሣ አንገቴን አዘነበልኩ። ታች ጥጉ ላይ ሦስት አራት ብልጭታዎች አሉ። አንዷ ጠርዟ ሙሉ ነው። ብልቃጧን በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ጡቴ ሥር ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ እናቴን ሳልፋት ቀና ብላ አየችኝ፤ አልመረቀችኝም፤ ስለ እኔ እንዳትጸልይ ከልክያታለሁ።

ሩዋንዳ ስደርስ ሰውየው ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። ትንሿን ማይክሮስኮፑን መልሶ አወጣ። አጎንብሶ አየ። ትንንሾች ናቸው አለ። አንዷን ተዋት፣ ሁለተኛዋን ተዋት፤ ሦስተኛዋ ላይ ቆየ። ከዚያ የመርፌ ጫፍ ዘይት ውስጥ ነከረና አወጣት።

"ይቺ ሙሉ ናት፤ ግን ዋስትና አልሰጥሽም" አለኝ።

የሰውየው መልእክት የመጣልኝ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሲል ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ቃል አልጻፈም፤ ስዕል ብቻ ልኳል። ማዕዘኖቹ፣ ዘንጎቹ፣ መሃሉ ላይ ያለው ክፍት ቦታ። ሾላ ገበያ ለእናቴ ያሳየኋት የዶሮ ቤት ቁርጥ ነው። ታክሲው ውስጥ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ ረዳቱ ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈኝ። ርዕሱ አልተዘጋም።

ለእናቴ ስዕሉን አሳየኋት፣ እሷም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ከዚያ ያለፈ ግን አልተነጋገርንም። ያልኳት ነገር በመካከላችን እንደተቀመጠ ቆየ፤ ስወጣ በር ላይ ትቆምና፣ እንደ ወትሮዋ ልትመርቀኝ አፏን ከፍታ ትተወዋለች። ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት።

የጸሎቱ ተራ ዞሮ እኛ ቤት ሲደርስ እኔም ነበርኩ። ሴቶቹ ዜናውን ሰምተዋል። የጸሎቱ መሪ ምስጋናውን ጀመሩ፤ በዚያ ሐሙስ በዓይናችን እያየን ነጭ ሆኖ ስለወረደው መልስ እያሉ። ሁሉም አሜን አሉ። እንደዚያ አይደለም ልል ምላሴ ላይ መጣ፤ ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ጸሎታቸው ነው፣ ደስታቸው ነው፤ አንዴ ጮኼባቸዋለሁ፣ ይበቃል። ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች።

"ያን ቀን የወረደው መልስ አልነበረም" አለች። "እኔ በእጄ ያበላሸሁት ነው። ልጄ ስትጮህ ሰምታችኋታል፤ እውነቷን ነበር።"

መሪዋ ተከፍተው፣ ታዲያ እግዚአብሔር የት ላይ ነው የመለሰው ብለው ጠየቋት። እናቴ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባትም።

"የሚላቀቅ አድርጎ መሥራቱ ነው" አለች። "አንዴ ተበላሽቶ በዚያው የሚቀር አላደረገውም።"

ይህን ያልኳት እኔ ነኝ፤ ያን ማታ፣ በንዴት፣ ለጀርባዋ። ተቀምጣ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ወደ እኔ አላየችም።

ተነሥቼ ቡፌውን ከፈትኩ። ብልቃጧ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አለች፤ የቀሩት ቅንጣቶች አሁንም ታች ጥጉ ላይ ናቸው። አወጣኋትና እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኳት።

"ጸልዪልኝ" አልኳት።